ሌሊት የት ነው የምታድሩት?
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው በጀልባ ስለ ማደር ነው። ከማኅበራችን ልጆች መካከል የሸራ ጀልባ መንዳት የምንማር ጥቂቶች አለን። ጀልባዋ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ሁለት ሸራና አንድ ትንሽ ሞተር ያላት፣ ውስጧ አምስት ሰው የምታስተኛ ናት። በዕብራይስጥ "ያክታ" የምንላት ማለት ነው። ቀን ወጥተን ማታ ስንመለስ ቤተሰብ ብዙም አይጨነቅም። "ባሕር ላይ እናድራለን" ያልን ቀን ግን እናቶቻችን አንድ ጥያቄ አላቸው፤ "ሌሊት የት ነው የምታድሩት?" ይላሉ።

አንዳንዶቻችን ይህን እንደ ፍርሃት እንቆጥረዋለን። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። በትንሽ ጀልባ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳ ስኪፐር ሳይቀር፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛም መልሳችንን ወላጆችም ወጣቶችም ባሉበት ማስረዳት ፈለግን።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጥሩ ማደሪያ ማለት ከሰዓት በኋላ ሲያዩት ጸጥ ያለ ቦታ ማለት አይደለም። እኩለ ሌሊት ላይም ጸጥ ብሎ የሚቆይ ቦታ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ውኃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ፣ ለፎቶ የሚያምር ቦታ ሌሊት ሲገለባበጥ ሊያድር ይችላል። በፎቶ የማያምር፣ ከድንጋይ ግንብ ኋላ ያለ ቦታ ደግሞ እንደ ቤት ያስተኛል።

ለወላጆቻችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር ማደሪያ የሚፈልገው። ወንዙ ሌሊት ይሞላ እንደሆነ፣ ጅብ የሚወጣው በየት በኩል እንደሆነ፣ ቀጣዩ መንደር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይጠይቃል። ከጨለመ በኋላ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ምርጫ የለውም፤ ያገኘበት ያድራል። በባሕርም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚጠየቀው ነገር ብቻ ነው።

ባሕርም ቢሆን ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ የመጡ ወገኖች አሉን። "ባት ጋሊም" የተባለችው መርከብ ዳር ድረስ መቅረብ አትችልም ነበርና ከዳር ርቃ ትጠብቅ ነበር፤ ሰዉን በሌሊት ከዳር ወደ እሷ ያመላለሱት የጎማ ጀልባዎች ናቸው። ትልቅ መርከብ በጨለማ የት መቆም እንደሚችል፣ ትንሽ ጀልባ ደግሞ በየት በኩል ዳር መድረስ እንደሚችል ማወቅ የሰው ሕይወት ያተረፈ እውቀት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ባሕር ዳርቻ እንምጣ። የእስራኤል የሜድትራንያን ዳርቻ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካርታው ላይ ስታዩት አብዛኛው በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ያለበትን ቦታ "ጉያ" እንበለው። ግሪክ አገር እንዲህ ያለ ጉያ በየደሴቱ አለ። እኛ ዘንድ ትልቁ ጉያ የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ብዙ መሸሸጊያ የለም። ከምዕራብ የሚመጣው ማዕበል ደግሞ በቀርጤስና በሊቢያ መካከል እስከ ሲሲሊ ድረስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ውኃ አለው። በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ ያደገ ማዕበል ነው ዳራችን ላይ የሚያርፈው።

የጥንት ሰዎችም ይህ ችግር ገጥሟቸዋል። ንጉሥ ሄሮድስ ቂሳርያ ላይ ትልቅ ወደብ የሠራው ተፈጥሮ በዚያ አካባቢ መሸሸጊያ ስላልሰጠ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ውኃ ውስጥ እያፈሰሱ ግንብ ሠሩ፤ ሥራው የተጀመረው ከጋራ ዘመን በፊት በ22 ዓመት ገደማ ነው። ያፎ ላይ ደግሞ ትልልቅ መርከቦች ከድንጋዮቹ ውጭ መልሕቃቸውን ጥለው ይቆሙ ነበር፤ መንገደኛው የሚወርደው በመቅዘፊያ ጀልባ ነበር። ባሕሩ ከተቆጣ መውረድ የለም።

ስለዚህ እውነቱን ለመናገር፣ በአገራችን ሜድትራንያን ላይ ለትንሽ ጀልባ የሌሊት ማደሪያ አብዛኛውን ጊዜ ማሪና ነው። ዓኮ፣ ሄርጽሊያ፣ ቴል አቪቭ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን አሉ። መልሕቅ ጥሎ ማደር የሚቻለው ባሕሩ ለቀናት ረጋ ባለበት በበጋ ወራት፣ ያውም በጥቂት ቦታዎች ነው። ከመነሣታችን በፊት ባሕር ኃይል የዘጋቸውን አካባቢዎችና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችን እናጣራለን፤ የሜትሮሎጂ አገልግሎት የሚያወጣውን የባሕር ትንበያም እናነባለን። የምናነበው የነገውን ቀን ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ነው ይበልጥ የምናነበው።

ለምን ሌሊቱን? ምክንያቱም ነፋሱ ይዞራል። በበጋ ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ሊተካው ይመጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ነው። ሌሊት መሬቱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይቀዘቅዝና ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀለል ያለ ነፋስ ከመሬት ወደ ባሕር ይነፍሳል።

ዶርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ከሃይፋ ደቡብ ያለው ጣንቱራ ማለት ነው። እዚያ ዳሩ ፊት ለፊት ትናንሽ የድንጋይ ደሴቶች አሉ፤ ከምዕራብ የሚመጣውን ማዕበል በከፊል ይሰብሩታል። መርከቦች ከጥንት ጀምሮ ተጠቅመውበታል፤ የባሕር ቁፋሮ ተመራማሪዎች ብዙ የሰመጡ መርከቦችንም እዚያው አግኝተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ መሸሸጊያም ነው፣ ወጥመድም ነው። አሁን አስቡ። ከሰዓት በኋላ ደረስን፣ ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ጀልባ በመልሕቅ ስትቆም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለችና ኋላዋ ወደ አሸዋው ነው። ደሴቶቹ ከፊታችን ሩቅ ናቸው፤ ሁሉም ሰላም ነው። ሌሊት ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ ጀልባዋ በሰንሰለቷ ዙሪያ ትዞራለች፤ አሁን ኋላዋ ወደ ድንጋዮቹ ነው። ከሰዓት በኋላ ያላየነው አደጋ አሁን ከትራሳችን ኋላ ነው። ስለዚህ ቦታ ስንመርጥ በአራቱም አቅጣጫ እንለካለን፤ አሁን ነፋሱ በሚነፍስበት ብቻ አይደለም።

ልኬቱ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ውኃው 5 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ድምሩ 6 ሜትር። ለሌሊት ሰንሰለት ቢያንስ የዚህን አምስት እጥፍ እንለቃለን፤ 30 ሜትር ማለት ነው። ብዙው ገመድ ከሆነ ደግሞ ሰባት እጥፍ። መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተኝቶ መልሕቁን ወደ ጎን ሲስበው ነው አሸዋውን የሚነክሰው። ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል።

ታዲያ 30 ሜትር ሰንሰለትና 9 ሜትር ጀልባ ሲደመር 40 ሜትር ሊሆን ምን ቀረው። ጀልባዋ በመልሕቁ ዙሪያ ልትዞርበት የምትችለው ክብ ከመሐል እስከ ዳሩ ይህን ያህል ነው። ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ከዞረ፣ ማታ ኋላዋ የነበረበትና ጠዋት የሚገኝበት ቦታ እስከ 80 ሜትር ይራራቃሉ። በዚያ ክብ ውስጥ ድንጋይ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ወይም የሌላ ሰው ጀልባ ካለ ቦታው የእኛ አይደለም። የጀልባችን የታችኛው አካል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውኃ ይገባል፤ ስለዚህ በክቡ ዳር ላይም ቢሆን ከሁለት ሜትር ተኩል ያነሰ ውኃ አንቀበልም።

ቀጥሎ የባሕሩ ወለል ነው። አሸዋ ጥሩ ይይዛል፤ ጭቃም እንዲሁ። ድንጋይ ላይ መልሕቁ ወይ ይንሸራተታል ወይ ይቀረቀርና አልወጣም ይላል። የባሕር ሣር ላይ መልሕቁ ሥሩን ሳይነክስ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የያዘ ይመስልና ነፋስ ሲጨምር ይለቃል። ካርታው ላይ ወለሉ ምን እንደሆነ በፊደል ተጽፏል፤ ይሁንና በዓይን ማየት ይሻላል። ከላይ ሲታይ አሸዋ ፈዛዛ ነው፣ ሣርና ድንጋይ ጥቁር ጥቁር ይላሉ። ይህ የሚታየው ግን ፀሐይ ገና ከፍ ባለችበት ሰዓት ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ውኃው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ከታች ያለው አይታይም። ጨለማ ከመሆኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድመን እንድረስ የምንለው ለዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ማለት ለመሞከር፣ ካልያዘ አንሥቶ እንደገና ለመጣል፣ እሱም ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ቦታ ለመሄድ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ኤይላት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወለሉ ከዳር ትንሽ እንደራቀ በጣም ይጠልቃል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ኮራል አለ። በኮራል ጥብቅ ቦታው ላይ መልሕቅ መጣል ክልክል ነው፤ ለማደግ ዓመታት የፈጀውን አንድ ሰንሰለት በአንድ ሌሊት ይሰብረዋል። የተለመደው ነፋስ ከሰሜን ስለሆነ ዳሩ የተረጋጋ ይመስላል፤ የደቡብ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።

መልሕቁን እንዴት እንደምንጥል ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ወጣቶች ይህን ያዙ። ጀልባዋን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርገን እናቆማታለን። መልሕቁን ወለል እስኪነካ እናወርዳለን፤ መወርወር የለም። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድን ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ እንለቃለን። ሰንሰለቱ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ወደ ኋላ ማርሽ አስገብተን ቀስ እያልን ኃይል እንጨምራለን። በዚህ ጊዜ ዳር ላይ ሁለት ነገር እናያለን፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ለምሳሌ አንድ የመብራት ምሰሶና ከኋላው ያለ ዛፍ። ሁለቱ በአንድ መስመር ከቆዩ መልሕቁ ይዟል። እርስ በርስ ከተላለፉ እየተንሸራተትን ነው። ውኃው ሞቃት ከሆነ አንድ ሰው መነጽር አድርጎ ጠልቆ ያየዋል፤ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የለም።

ሲመሽ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት ይበራል፤ የባሕር ሕግ ነው። የስልኩ የመልሕቅ ማንቂያ ይከፈታል፤ ጀልባዋ ከክቧ ከወጣች ይጮኻል። ስልኩ ቻርጅ ላይ መሆን አለበት። ራዲዮው በቻናል 16 ላይ ይቆያል። ነፋስ ካለ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ እየተፈራረቅን እንጠብቃለን።

አሁን "ጸጥ ያለ" ስለሚለው ቃል እንናገር። ብዙ ሰው ነፋስ ከቆመ ጸጥታ መጣ ይላል። እንደዚያ አይደለም። ነፋሱ ምሽት ላይ ሲወድቅ፣ ቀን ያነሣው ማዕበል ለብዙ ሰዓት ይቀጥላል፤ ተራራ ጫፍ ዞሮ ጭምር ወደ ጉያው ይገባል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ለቀላሉ የሌሊት ነፋስ ስትሰጥ ማዕበሉ ከጎኗ ይመታታል፤ እንደ እንስራ እየተንከባለለች ታድራለች። ማንም አይተኛም። እንቅልፍ ያጣ ስኪፐር ደግሞ በማግስቱ መጥፎ ውሳኔ ይወስናል፤ እንቅልፍ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ዳሩን እናያለን፤ ነፋስ ሳይኖር ድንጋዩ ላይ ነጭ አረፋ ካለ ማዕበሉ ይገባል ማለት ነው።

ሌላው ጸጥታ ከእኛው የሚመጣ ነው። ምሰሶውን የሚደበድቡ ገመዶች ወደ ጎን ይታሰሩ። ሰንሰለቱ ላይ የሚለጠጥ ገመድ ታስሮ ጭነቱን ይሸከም፤ ያኔ የሰንሰለቱ ጩኸት ወደ መኝታ ክፍሉ አይመጣም። ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ እኛ ቀስ ብለን ያወራን የመሰለንን ጎረቤት ጀልባ ቃል በቃል ይሰማዋል። ሙዚቃውን ከመሸ ቀንሱት። ቀድሞ የደረሰ ሰው ቦታውን መርጧል፤ ኋላ የመጣ ነው ርቆ የሚቆመው፤ የጎረቤት ወጉ እንዲህ ነው።

ብዙ ወጣቶች በበጋ ጀልባ ተከራይተው ግሪክ መሄድ ይፈልጋሉና ስለዚያም እንጨምር። ለጀማሪ የሚስማማው በምዕራብ በኩል ያለው የአዮንያ ባሕር ነው፤ ሌፍካዳ፣ መጋኒሲ፣ ካላሞስ፣ ኢታካ። እዚያ በበጋ ከሰዓት በኋላ "ማይስትሮ" የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። የመጋኒሲ ሰሜናዊ ዳር እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈሉ ጉያዎች አሉት። ብዙዎቹ ጥልቅ ናቸው፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ መልሕቃቸውን ከፊት ጥለው ከኋላ በረጅም ገመድ ዳር ላይ ይታሰራሉ። እንዲህ ሲታሰሩ አይዞሩም፤ ቦታውም ለብዙ ሰው ይበቃል። ካላሞስ ላይ ፖርት ሌዎኔ የሚባል ጉያ አለ፤ ከ1953 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነዋሪው ለቆት የሄደ መንደር ዳሩ ላይ ይታያል። ሰው ጥሎት የሄደውን ቤት እያዩ ማደር ለእኛ ልጆች የራሱ ስሜት አለው።

በምሥራቅ ያለው የኤጅያን ባሕር ግን ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ "መልተሚ" የሚባለው የሰሜን ነፋስ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል፤ ሌሊትም ላያቆም ይችላል። ከረጅም ተራራ ሥር ስትጠለሉ ነፋሱ ከላይ ተወርውሮ ይበልጥ ይመታችኋል። "ተራራ ካለ ጥላ አለ" የሚለው ሐሳብ እዚያ አይሠራም። ረባዳ መሬት ያለው ጉያ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ነፋሱ ይኖራል፣ ግን እኩል ነው፣ ማዕበሉም አይደርስም።

ሰንበት ለምናከብር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዓርብ ማታ የተጣለ መልሕቅ እስከ ቅዳሜ ማታ ሊቆይ ነው። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ሳይሆን የሙሉ ቀን ትንበያ ያስፈልገናል፤ ጥርጣሬ ካለ ዓርብ ከሰዓት በፊት ማሪና መግባት ነው። አደጋ ከመጣ ግን ነፍስን ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ሁላችንም ተምረናል፤ በዚያ ሰዓት ክርክር የለም።

የመጨረሻው ነገር ሁለተኛው ቦታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሁልጊዜ ከመነሣታችን በፊት ሁለት ማደሪያ በወረቀት እንጽፋለን። ሁለተኛው በሌሊትም መግባት የሚቻልበት፣ መግቢያው መብራት ያለው መሆን አለበት። መልሕቅ ከጣልን በኋላም፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከጉያው የምንወጣበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ለክተን እንጽፈዋለን። በሌሊት ነፋስ ቢዞር ያችን ቁጥር ይዘን እንወጣለን፤ በጨለማ አንገምትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ማዕበሉ ከፍ ካለ የማሪናም መግቢያ አደገኛ ይሆናል፤ ማዕበል በሚሰበርበት መግቢያ ለመግባት ከመሞከር ጥልቅ ውኃ ላይ መቆየት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ውሳኔው ሳይጨልም የሚወሰነው።

እናንተ ወጣቶች፣ "ፈራህ እንዴ?" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ቦታው አላማረኝም ብሎ መልሕቁን የሚያነሣ ስኪፐር ፈሪ አይደለም። ሥራውን ነው የሠራው። አምስት ሰው የተኛው እሱን አምኖ ነው።

እናንተ ወላጆች ደግሞ፣ ከእንግዲህ ልጆቻችሁ ባሕር ላይ እናድራለን ሲሏችሁ አትከልክሉ፤ ዝም ብላችሁም አትልቀቁ። አንድ ወረቀት ጠይቋቸው። በወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፤ የጀልባዋ ስም፣ የሰዎቹ ዝርዝር፣ የመጀመሪያው ማደሪያ፣ ሁለተኛው ማደሪያ፣ መልሕቁ ከያዘ በኋላ የሚደውሉበት ሰዓት። በአማርኛም በዕብራይስጥም እንጽፍላችኋለን፤ ለእናንተ እንዲነበብ፣ አስፈላጊ ከሆነም ለአዳኞች እንዲሰጥ። ወረቀቱን መሙላት ያልቻለ ልጅ ለዚያ ሌሊት ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው፤ በቀን ይሂድና ይመለስ።